የመጽሐፍ ቅርጫ

"ያንን መጽሐፍ አንብበኸዋል?" ሲባል "አይ፣ አላነበብኩትም" ብሎ አፉን ሞልቶ የሚመልስ ሐበሻ ካጋጠማችሁ አደራ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ እጁን እጨብጠዋለሁ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ የሚወራው ይበዛል። አንዱ ያነበዋል፤ ለሁለተኛው ያወራለታል፤ ሁለተኛው ትንሽ ቅመም ነስነስ አድርጎ ለሦስተኛው ያደርሰዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለቅሶ ቤት ግድግዳ ተደግፎ "ደራሲው እንኳ እዚህ ላይ ስቷል" እያለ ይተቻል። እኔም በዚህ መንገድ ስንቱን አነበብኩት! አትሳቁ። እናንተም ቤት አቧራውን ስትጠርጉ ዓይናችሁን ሰበር የምታደርጉለት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አይጠፋም።

የእኔን ወፍራም መጽሐፍ የጻፈው አንድ አሜሪካዊ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እኔ ባልጠራውም ብዙ የሚጠሩት አሉ። በአገሩ ሽልማት ሲታደል ወንበሩ ከፊት ረድፍ አይጠፋም ይባላል። እዚህ ሆላንድ ደግሞ ከአገሩም የበለጠ ይወደዳል መሰለኝ። ከዲመን ወደ አምስተርዳም በምሄድበት ባቡር ውስጥ ያንን ከሰባት መቶ ገጽ በላይ የሆነ፣ ሕፃን ልጅ ቆሞበት መብራት ሊያጠፋ የሚችል ጥራዝ ጭኑ ላይ ያላስቀመጠ ሰው የለም ለማለት ምንም አልቀረኝ። ታሪኩ ራስል ስለሚባል የገጠር ልጅ ነው፤ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከብሮ፣ ያባቱን መሬት ሸጦ፣ አርጅቶ እስኪጸጸት ድረስ። ወዳጆቹም ጠላቶቹም የሚስማሙበት ነገር ግን አንድ ነው፤ መሃሉ ይረዝማል። ጋዜጣው እንደዚያ ይላል፣ ባቡር ውስጥ ያሉት አሮጊቶችም እንደዚያ ይላሉ፣ ሳያነቡ የሚያወሩትም እንደዚያ ይላሉ። እኔ የሦስተኛው ወገን ነበርኩ።

እኛም እንግዲህ የንባብ ክበብ አለን። እዚህ አገር ሌስክሪንግ ይሉታል። ሰባት ነን፤ ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳም፣ ከዴንሃግ ተሰባስበን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ዲመን ባለው የሰፈር መሰብሰቢያ ቤት እንገናኛለን። ግማሾቻችን ኦርቶዶክስ፣ ግማሾቻችን ጴንጤ ስለሆንን ስለ ጾም አንነጋገርም፤ የምንጣላው በመጽሐፍ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። የመረጠኝን ሰው አላስታውስም፤ የተቃወመኝም ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ገዛኸኝ ያንን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ገዛኸኝ የሆላንድን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ፣ ስለ መጽሐፍ የተጻፈውን ከመጽሐፉ አስቀድሞ የሚጨርስ ሰው ነው። "ሰው ሁሉ ይህን እያነበበ እኛ እስከ መቼ ስለ ድሮ መጻሕፍት እናወራለን?" አለ። ሁላችንም መጽሐፉን አየነው። ከዚያ እርስ በርሳችን ተያየን። አንዱ ሆቴል ያጸዳል፣ አንዷ ከቤት ቤት እየዞረች ሽማግሌ ታጥባለች፣ አንዱ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ሰባት መቶ ገጽ የሚያነብ ዓይን ከየት ይምጣ?

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ" አለ ገዛኸኝ። "ለምን ቅርጫ አንገባም?"

ሳቅን። ሐሳቡ ግን ጣመን።

እኔ ራሴ ከወጥ ቤቱ የዳቦ ቢላ አምጥቼ የመጽሐፉን ጀርባ ሰነጠቅኩት። ሰባት መደብ ወጣው፤ ለእያንዳንዱ ሰው መቶ ገጽ ከምናምን። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ታላቃችን፣ "ዳዊትም እኮ በሰባት ቀን ተከፍሎ ነው የሚደገመው" ስላሉ መደቦቹን ከሰኞ እስከ እሑድ ስም አወጣንላቸው። ታምራት የሚባለው ጴንጤው ወንድማችን "እኛ ጋ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚነበበው" ብሎ አጉረመረመ፤ ዕጣውን ግን ከማንም ቀድሞ አነሳ። እያንዳንዱ የደረሰውን አንብቦ ለሌላው ያወራል፤ ስለዚህ ሰባታችንም መጽሐፉን አነበብነው ማለት ነው። እድር ሲቀብር "እድሩ ቀበረ" ይባላል እንጂ ማን እንደቆፈረ ማን ይጠይቃል?

ቅርጫ የሚያውቅ ሰው ስህተታችን የቱ ላይ እንደሆነ እስካሁን ገብቶታል። በደንበኛው ቅርጫ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሥጋውም፣ ከአጥንቱም ለየመደቡ ይደርሳል። እኛ ግን በሬውን እንደቆመ ከቀንዱ እስከ ጭራው ቆራርጠን ለአንዱ ሻኛ፣ ለአንዱ ሰኮና ሰጠነው።

ለታምራት ሰኞ ደረሰው፤ ራስል ገና ልጅ ሳለ። ለገዛኸኝ ቅዳሜ ደረሰው፤ ራስል መሬቱን የሚሸጥበት። ለእኔ እሑድ፤ መጨረሻው። ሻኛው እኔ ጋ ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። ለእትዬ ዘነበች ሐሙስ ወጣላቸው።

ገዛኸኝ ከንፈሩን መጠጠ። "ተጎዱ እትዬ። ሰው ሁሉ የሚያማርረው እኮ ይህንኑ ነው። የራስል እናት ዶሪን መቶ ገጽ ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። በቃ። ሌላ ምንም አይሆንም።"

እትዬ ዘነበች መደባቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በላስቲክ ከረጢት ከትተው፣ "የደረሰኝን ነው" አሉ። እሳቸው ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት የሚኖሩ፣ ሆስፒታል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ይህ ሁሉ በሰላም ያልፍ ነበር፤ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማርያን ባትወደን ኖሮ። ማርያን ስለ እኛ የምታስበው ከእኛ በላይ ነው። አሜሪካዊው ወደ አምስተርዳም ሊመጣ መሆኑን፣ ሦስት የንባብ ክበቦች መድረክ ላይ ወጥተው ስለ መጽሐፉ ከእሱ ጋር እንደሚወያዩ ሰማችና ሳትነግረን ስማችንን ሰጠች። ተመረጥን። በስልክ ስትነግረኝ በደስታ ትጮህ ነበር። እኔም ጮህኩ፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። ከሰባታችን መጽሐፉን ሙሉውን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቀኑ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ። እያንዳንዱ የደረሰውን ይተርክ ተባለ። ታምራት ጀመረ፤ ራስል ወንዝ ዳር ከአባቱ ጋር ዓሣ የሚያጠምድ፣ ለወፍ እንኳ የሚራራ ልጅ ነው። ገዛኸኝ ሳቀ፤ "እሱን ልጅ ነው ደግ የምትለው? ያባቱን መቃብር ሳይቀር የሸጠ ሌባ!" ታምራት ተቆጣ። "አንተ አታውቀውም! እኔ ነኝ የማውቀው!" ሁለት ሰዎች በአንድ ሰው ስም ላይ እንደዚያ ቀን ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። አንዱ ጡት ያስጣለው፣ አንዱ ወንጀሉን ያየበት ይመስል ነበር። እኔ መሃል ገብቼ "ጌቶች፣ እሑድ ላይ ተጸጽቷል" ብላቸው ሁለቱም በአንድነት ዞሩብኝ።

ሐሙስ ላይ ስንደርስ ሰዓቱ አልቆ ነበር። "ሐሙስን መድረኩ ላይ ባናነሳው ይሻላል" አለ ገዛኸኝ፤ "ሰው ሁሉ የሚጠላውን እኛ ምን አነካካን።" እኔም እንደ ሊቀ መንበር ተስማማሁ። እትዬ ዘነበች እንዳይከፋቸው ብዬ ግን፣ በጣም ብልህ ነኝና፣ አንድ ሥራ ፈለግኩላቸው። "እርስዎ ዝም ብለው አበባውን ይያዙልን" አልኳቸው። "በመጨረሻ ለደራሲው ይሰጡታል።"

"እሺ" አሉ።

ወደ ባቡር ጣቢያው አብሬ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ልጃቸው ሩት አዳራሹ ውስጥ እንደምትገኝ ነገሩኝ። ሩት ዞተርሜር የምትኖር፣ ትልቅ ቢሮ የምትሠራ፣ የደራሲውን መጽሐፍ አንድም ያልቀራት ልጅ ናት። "ይህንን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው ስላት ደስ አላት። የደረሰኝን ስነግራት ግን ሳቀች። 'ማማ፣ ዳት ስላ ዬ ኦፈር፣ ያ ክፍል እኮ ይዘለላል! እኔም ዘልዬዋለሁ' አለችኝ።" ቦርሳቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ቀጠሉ። "አንሶላ ማጠፍ ነበር እኮ ሥራዬ፤ ሃያ ሦስት ዓመት። እሷን ያሳደግኩበትን ነው የዘለለችው። አሁን ደግሞ አበባ ተሸክሜ ታየኛለች። ይሁን።"

ያኔ "አይሆንም፣ እርስዎም ይናገሩ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስለ ራሴ ውርደት እያሰብኩ ስለነበር የሳቸውን ለማሰብ ቦታ አልነበረኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ከታች እስከ ሰገነቱ ጢም ብሏል። ደራሲው ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ነው፤ ሲያዩት የተሸለመ ሳይሆን ባቡር ያመለጠው ይመስላል። አወያይዋ ሴትዮ ሆላንድኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ሆላንድኛ እየመለሰች ጨዋታውን ታስኬዳለች። ከዴንሃግ የመጣው ክበብ ቀድሞን ተናገረ። ተናጋሪያቸው የሐር ሻርፕ የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው፤ መጽሐፋቸው ከዳር እስከ ዳር ባለ ቀለም ወረቀት ተሰክቶበታል። "ድንቅ ልቦለድ ነው" አሉ። "መቶ ገጽ ቢቀነስለት ደግሞ ፍጹም ይሆን ነበር። ያ የልብስ ማጠቢያ ቤት! ምንም የማይሆንበት!" አዳራሹ አጨበጨበ። ደራሲው ፈገግ አለ። "አርታኢዬም ይህንኑ ነው ያለኝ፤ ሸላሚዎቼም፤ ባለቤቴም" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ፈገግታው ከከንፈሩ አልፎ እንዳልሄደ አየሁ።

ዞሬ እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። አበባውን ታቅፈው አራተኛው ረድፍ ላይ ወዳለችው ልጃቸው ይመለከታሉ። ሩት ከሰው ጋር እያጨበጨበች ነበር።

ተራው የእኛ ሆነ። ሊቀ መንበር ነኝና ማይክራፎኑ ወደ እኔ መጣ። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ያዘጋጀሁት የተዋበ ንግግር ነበረኝ፤ አወያይዋ ግን ቀደመችኝ። "ራስል ልጅ ሳለ ወንዝ ዳር ለአባቱ የገባው ቃል መጨረሻው ላይ ምን ሆነ ትላላችሁ?" አለች።

የምን ቃል? ቃሉ ያለው ሰኞ ውስጥ ነው። እኔ ያለሁት እሑድ። ወደ ታምራት ጠጋ አልኩና በአማርኛ፣ ማይክራፎኑን ረስቼ፣ "ምን ብሎ ነው ቃል የገባው?" አልኩት።

"መሬቱን ላይሸጥ ነዋ! ደግሞም አይሸጥም!"

"ቅዳሜ ሸጠው!" አለ ገዛኸኝ ከወዲያ።

"ውሸትህን ነው!" ብሎ ታምራት ተነሳ።

ይህ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው አማርኛችንን በጸጥታ አዳመጠልን። ማርያን ከፊት ረድፍ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ከዚህ በኋላ መዋሸት ጉልበት ይጠይቃል። ተናዘዝኩ። መጽሐፉን ሰባት ቦታ ቆርጠን እንደተካፈልነው፣ ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ቀን ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ስለ ቅርጫም ላስረዳ ብዬ ሆላንድኛዬ አላግዝ ሲለኝ "እንደ በሬ አረድነው" ያልኩ ይመስለኛል። ሻርፕ የጠመጠሙት ሽማግሌ "መጽሐፍ ቆረጣችሁ?" ብለው የራሳቸውን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳቅ ሰገነቱም የቻለው አይመስለኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። አምስተርዳም ግን ከሥሩ ውሃ ነው፤ መሬቱም አልተባበረኝም።

ደራሲውም ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዓይኑን ጠራረገና "ለመሆኑ" አለ፣ "ያ የተረገመ የመሃሉ ክፍል ለማን ደረሰው?"

እትዬ ዘነበች ተነሱ። አበባውን እኔ ጭን ላይ አስቀመጡት። ከቦርሳቸው ሐሙስን ከነከረጢቱ አወጡ፤ ማይክራፎኑንም ከእጄ ወሰዱት።

"ለእኔ ነው የደረሰኝ" አሉ በሆላንድኛ። ሆላንድኛቸው የሮተርዳም ነው፤ አጭር፣ ጎርባጣ፣ ቀጥ ያለ። "ሌላውን አላውቀውም። ራስል የምትሉትን ልጅ የማውቀው ለእናቱ ሁለት ጊዜ ስልክ ሲደውል ነው። የማነበው ሌላ ስላልነበረኝ ሐሙስን አምስት ጊዜ አነበብኩት።" ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "ምንም አይሆንበትም አሉ፣ ጌታዬ። ይሆንበታል። ዶሪን ታማለች።"

ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ደራሲው ወንበሩ ላይ ቀና አለ።

"ትልቅ አንሶላ ሁለት ሆነው ነው የሚያጥፉት። አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ከወዲህ ጫፍ ጫፉን ይይዙና እየተራመዱ መሃል ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ዶሪንና ባልደረባዋ ኤዲት አራት አራት እርምጃ ነው የሚራመዱት። ጸሐፊው ቆጥሮ አስቀምጦታል። ጥቂት ገጽ ሄድ ሲሉ ኤዲት አምስት፣ ዶሪን ሦስት። ቀጥሎ ኤዲት ስድስት። መጨረሻ ላይ ዶሪን ቆማለች፤ መንገዱን ሁሉ የምትሄደው ኤዲት ናት። አለቃው በመስኮት ያያቸዋል። አንሶላው ታጥፎ ስለሚወጣ ግን የሚታየው ነገር የለም። ታመመች የሚል ቃል ሐሙስ ውስጥ የለም። ኤዲትም አትናገርም። ትራመዳለች እንጂ።"

አወያይዋ መተርጎሟን ስትጨርስ ድምጿ ቀጥኖ ነበር። ደራሲው "እንዴት አወቁት?" አላቸው።

"አጥፌያለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት፣ ማጠፊያው ማሽን ሳይመጣ ጀምሮ። ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ካወቁብኝ አያድሱልኝም ብዬ ደበቅኩ። አብራኝ የምታጥፈው የኬፕቨርዴ ሴት ነበረች፤ በቋንቋ አንግባባም። አንድ ቀን ሆዴን አየችው። ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት እርምጃ እሷ፣ ሁለት እርምጃ እኔ። ኮንትራቴ ታደሰ።" እጃቸውን ወደ አራተኛው ረድፍ ዘረጉ። "ልጄም ያቻትና።"

አዳራሹ ሙሉ ወደ ሩት ዞረ። ሩት አፏን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ማጨብጨቡን ትታዋለች።

ደራሲው ተነሳ። ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው። በሦስተኛው "ይህን መጽሐፍ የጻፍኩት ለነዚያ እርምጃዎች ብዬ ነው" አለ። "ቀሪው የመጡበት ካርቶን ነው። መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ በየአገሩ ስዞር የቆጠራቸው ሰው አላገኘሁም። አንዳንዴ እኔ ራሴ በትክክል ጽፌያቸው እንደሆነ እጠራጠር ነበር።"

"በትክክል ጽፈኸዋል" አሉ እትዬ ዘነበች። "ይህን ያየ ሰው ነው የሚጽፈው። ለመሆኑ ኤዲት ያልካት ሴት በሕይወት አለች?"

"አለች። መቶውን ገጽ ቁረጥ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለሷ ስል ነው።"

"እግዜር ይስጥህ። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ተሳስተሃል። ሲያጥፉ እንዲያወሩ አድርገሃቸዋል። ማጠቢያ ማሽኑ እኮ ይጮኻል፣ ማን ማንን ይሰማል? በዓይን ነው የሚነጋገሩት።"

ይህ ሲተረጎምለት ደራሲው እስክሪብቶ አወጣና መዳፉ ላይ ጻፈው። ያን ጊዜ አዳራሹ ተነሳ። ከታችም ከሰገነቱም ተነሳ። የሚጨበጨበው ለተሸላሚው አልነበረም፤ ተሸላሚው ራሱ ወደ እትዬ ዘነበች ዞሮ ያጨበጭብ ነበር። ታምራት "ሃሌሉያ" አለ፤ ገዛኸኝ እልል ሊል ምንም አልቀረው። እኔም አበባውን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ። አልደብቅም፣ ከአንጀቴ ነው ያለቀስኩት። ከዚያን ቀን በፊት ሆላንድ ውስጥ ለሐበሻ ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ያየሁት በሩጫ ብቻ ነበር።

ሲያበቃ ሻርፕ የጠመጠሙት ሽማግሌ መጡ። በዚያ መቶ ገጽ ላይ አንድም ባለ ቀለም ወረቀት አልሰኩም ነበር። ገጾቹን በጣታቸው እየተከተሉ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩና "ይቅርታ፣ እመቤቴ" አሉ።

"ግድ የለም" አሏቸው እትዬ ዘነበች። "ሰው የደረሰውን ነው የሚያነበው።"

ማስፈረሚያው ሰልፍ ላይ ደራሲው ሙሉ መጽሐፍ ሊሰጣቸው ብድግ አድርጎ ነበር። አልተቀበሉትም። "ሐሙስ ይበቃኛል" ብለው ያንን ሽፋን የሌለውን፣ ከአረፍተ ነገር መሃል የሚጀምር መደባቸውን ዘረጉለት። እሱም ላዩ ላይ ፈረመበት። ከሰልፉ ጫፍ ሩት ቆማለች። "ማማ፣ ለምንድነው ያልነገርሽኝ?" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እናትየዋ ጉንጯን ዳበስ አድርገው "መቼ ጠየቅሽኝ?" አሏት፤ ቅሬታ የለበትም፣ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ክበባችን ከዚያ ወዲህ ስሙ ገንኗል። ቅርጫውንም አልተውነውም። ልዩነቱ፣ ዕጣ ሲወጣ አሁን ሁሉም የሚመኘው አጥንቱን ነው። ባለፈው "እጅግ አሰልቺ ነው" የተባለ ምዕራፍ ለገዛኸኝ ደርሶት ታምራት ሦስት ቀን አኩርፎታል።

እኔ ደግሞ የቆረጥኩትን መልሼ ላስጠርዝ ተነሳሁ። ስድስቱን መደብ ሰበሰብኩ፤ ሐሙስ ጎደለ። አንድ ቅዳሜ ሆግቭሊት ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ በልቤ የቆየ ይቅርታ ስለነበረኝ አንድ እቅፍ ቱሊፕ ይዤ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ሩት ናት። ሐሙስ ሶፋው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። እንድትሰጠኝ ብጠይቃት "ኖህ ኒት፣ ጋሼ፣ ገና ነው" አለችኝ። እሷ ቤት ሙሉው መጽሐፍ አለ እኮ፤ የእናቷን ነው ለሦስተኛ ጊዜ የምታነበው።

እትዬ ዘነበች ከማድረቂያው ላይ ትልቁን አንሶላ አንስተው "ሩት፣ ነይ ያዥልኝ" አሉ። እሳቸው ከወዲያ፣ ሩት ከወዲህ ሆኑ። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። እናት ሁለት ተራመዱ። ልጅ ስድስት። ሁለቱም ምንም አላሉም።

ሁለተኛውን አንሶላ ሲያነሱ ግን አላስቻለኝም። ላግዝ ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እትዬ ዘነበች ከጫማዬ እስከ ራሴ አዩኝና የሳቅ እንባቸው መጣ።

"አንተ ተቀመጥ ሙሉጌታ" አሉኝ። "ዝም ብለህ አበባውን ያዝልን።"

ያዝኩ።